እልፍኝ አስከልካዩ ማን ነው?

ስለ ሕግ የበላይነት ስንነጋገር ዐይናችን የሚያርፈው በሕገ መንግሥቱ አንቀጾች፣ በፍርድ ቤቶችና በፓርላማው ላይ ነው። ይህ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ የዜጋው ስም፣ አድራሻ፣ የጣት አሻራ፣ የሕመም ታሪክና የባንክ ሂሳብ በኮምፒዩተር ውስጥ በሚቀመጥበት በዚህ ዘመን፣ “ይህን ማን ሊያይ ይችላል?” የሚለውን ጥያቄ በየቀኑ ሺህ ጊዜ የሚመልሰው ዳኛ አይደለም፤ ሚኒስትርም አይደለም። የሚመልሰው አንድ የሶፍትዌር ባለሙያ ምናልባት ከዓመታት በፊት ጽፎት የሄደ ጥቂት መስመር ኮድ ነው። አዋጁ በነጋሪት ጋዜጣ ታትሞ ይወጣል፤ ኮዱን ግን ከጸሐፊው በቀር ያነበበው የለም።

ስለሆነም ዛሬ የማነሣው ርእስ ለመሐንዲሶች ብቻ የተተወ የሚመስል ነው፦ በጃቫ ቋንቋ የመዳረሻ ፈቃድ ፖሊሲን የሚያስፈጽም ሶፍትዌር እንዴት ይሠራል? በበኩሌ ይህ የፖለቲካ ጥያቄ ነው ብዬ አምናለሁ። እስከ መጨረሻው ከታገሣችሁኝ ምክንያቴን አስረዳለሁ።

የደጅ ጥናት ሥርዓት

በቀድሞው ቤተ መንግሥታችን እልፍኝ አስከልካይ የሚባል ሹም ነበረ። ስሙ ራሱ ሥራውን ይናገራል። ወደ ንጉሡ እልፍኝ ማን እንደሚገባና ማን እንደማይገባ የሚቆጣጠር እሱ ነው። አጋፋሪው ደግሞ በግብር ጊዜ እንግዳውን እንደየማዕረጉ ያስገባል። ጸሐፌ ትእዛዝ የንጉሡን ቃል ይጽፋል፤ ማኅተሙንም ይጠብቃል። በዚህ አሠራር ውስጥ አንድ ትልቅ ጥበብ ነበረ፤ በሩ በመሠረቱ የተዘጋ ነው፤ የሚከፈተው ሲፈቀድ ብቻ ነው።

ጉድለቱም የዚያኑ ያህል ትልቅ ነበር። የመግቢያው ደንብ በወረቀት ላይ ሳይሆን በሹሙ ልቡና ውስጥ የሚኖር በመሆኑ ባለጉዳዩ ደጅ መጥናት፣ አማላጅ መላክ፣ እጅ መንሻ ማቅረብ ነበረበት። የገባውም ለምን እንደገባ፣ የቀረውም ለምን እንደቀረ አያውቅም። “ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል” የሚለው ብሂል የተወለደው ሥልጣን የሹሙ የግል ንብረት ተደርጎ በሚታይበት እንዲህ ባለ ሥርዓት ውስጥ ነው። ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ የሚተከሉ ሶፍትዌሮች ይህንኑ ጉድለት ወርሰው፣ ጥበቡን ግን ጥለው ሲገኙ ማየት ያሳዝናል።

የተለመደው በሽታ

በማስተምርበት የትምህርት ክፍል በየዓመቱ የመመረቂያ ሥራዎችን እገመግማለሁ። አብዛኞቹ በጃቫ የተጻፉ ናቸው። የመዳረሻ ፈቃድን የሚቈጣጠሩበት መንገድ ግን ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው፦ “ተጠቃሚው አድሚን ከሆነ ክፈት፤ ካልሆነ ዝጋ” የሚል ቅድመ ሁኔታ በመቶ በሚቆጠሩ ክላሶች ውስጥ ተበትኖ ይገኛል። አንድ ቦታ የተዘነጋ እንደሆነ በዚያ በኩል በሩ ክፍት ነው። ደንቡ ሲለወጥ ኮዱን ሁሉ አስሶ ማረም ያስፈልጋል። “በጠቅላላው ማን ምን ማየት ይችላል?” ብሎ የሚጠይቅ ተቆጣጣሪ ቢመጣ ደግሞ መልስ የሚሰጠው አንድ ሰነድ የለም።

ይህ የተማሪዎች ድክመት ብቻ አይደለም። ስሙን በማልጠቅሰው አንድ መሥሪያ ቤት ሥርዓቱን እንድመረምር ተጋብዤ፣ ሥራ ከለቀቁ ብዙ ጊዜ የሆናቸው ሠራተኞች የይለፍ ቃል ያለ ምንም እንከን ሲሠራ አይቻለሁ። የመምሪያ ኃላፊው የይለፍ ቃል በጸሐፊዋ ጠረጴዛ ላይ በትንሽ ወረቀት ተለጥፎ ነበር። ኮዱ “ኃላፊው ነው” ብሎ የሚያምነውን ማንኛውንም ሰው የሁሉንም ሠራተኛ የግል ማኅደር እንዲከፍት ይፈቅድለት ነበር። ለምን እንደሚከፍተው የሚጠይቀው አልነበረም። በዓለም አቀፍ ደረጃም ችግሩ ቀላል አይደለም። ኦዋስፕ የተባለው የሶፍትዌር ደኅንነት ተቋም እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው የዌብ ሶፍትዌር አደጋዎች ዝርዝር ላይ የተሰበረ የመዳረሻ ቁጥጥር አምስተኛ ነበር፤ በ2021 ወደ አንደኛነት ወጥቷል።

አራቱ ባለሥልጣናት

መድኃኒቱ አዲስ አይደለም። ኦኤሲስ የተባለው የደረጃዎች ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2003 ኤክሳክሚል የሚባለውን የፖሊሲ ቋንቋ አጽድቋል፤ ሦስተኛው ዕትሙ በ2013 ወጥቷል። ጃቫን የፈጠረው ሰን ማይክሮሲስተምስም ለዚሁ የሚሆን ክፍት ኮድ በጃቫ ጽፎ አውጥቶ ነበር። ቋንቋው ረጅምና አሰልቺ በመሆኑ ብዙዎች አይወዱትም፤ በውስጡ ያለው አስተሳሰብ ግን ዘመን የሚሽረው አይደለም። ሥራውን ለአራት ያካፍለዋል።

አንደኛው ደንብ አውጪው ነው፤ ፖሊሲውን ይጽፋል፣ ያሻሽላል። ሁለተኛው ወሳኙ ነው፤ የቀረበለትን ጥያቄ ከፖሊሲው ጋር አገናዝቦ ይፈርዳል። ሦስተኛው አስፈጻሚው ነው፤ በበሩ ላይ ቆሞ የተወሰነውን ይፈጽማል እንጂ በራሱ አይፈርድም። አራተኛው ማስረጃ አቅራቢው ነው፤ “ይህ ሠራተኛ ዛሬ በሥራ ላይ ነው? ይህ ማኅደር የእሱ ጉዳይ ነው?” ለሚለው ጥያቄ መልስ ያመጣል። ሕግ አውጪ፣ ዳኛ፣ አስፈጻሚ እና ምስክር ማለት ነው። የሥልጣን ክፍፍል የሚለው አሮጌ የፖለቲካ ትምህርት፣ ማንም ሳያዘው፣ በኮምፒዩተር ሳይንስ ውስጥ እንደገና ተገኘ።

በጃቫ ሲሠራ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ጥያቄ ጠያቂውን፣ የሚጠየቀውን ነገር፣ ድርጊቱንና ሁኔታውን የያዘ አንድ ዕቃ ይሆናል፤ ከጃቫ 16 ወዲህ “ሬከርድ” የሚባለው፣ አንዴ ከተፈጠረ የማይለወጥ ዓይነት ለዚህ ይመቻል። ወሳኙ አንድ ኢንተርፌስ ነው፤ ጥያቄ ይቀበላል፣ ውሳኔ ይመልሳል። ውሳኔውም ከአራቱ አንዱ ነው፦ ፈቅጃለሁ፣ ከልክያለሁ፣ አይመለከተኝም፣ መወሰን አልቻልኩም። እነዚህ አራቱ በኢነም ተዘርዝረው፣ አስፈጻሚው “ስዊች” በተባለው አገላለጽ ዋጋ መላሽ አድርጎ ከተቀበላቸው፣ አንዱን የዘነጋ ኮድ ከመጀመሪያውም አይተረጎምም፤ ኮምፓይለሩ ይመልሰዋል። አስፈጻሚው ደግሞ በየክላሱ አይበተንም። ጥያቄዎች ሁሉ የግድ በሚያልፉበት አንድ ማጣሪያ ላይ ይቆማል። ሳልትዘርና ሽሮደር እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተሙት ታዋቂ ጽሑፍ ከዘረዘሯቸው መርሖች አንዱ ይኸው ነው፤ እያንዳንዱ መዳረስ ሳይፈተሽ አይለፍ።

ፖሊሲው ከኮዱ ውጭ በራሱ ፋይል ይቀመጣል። ዋናው ነጥብ እዚህ ላይ ነው። ፖሊሲው በኮድ ውስጥ ከተቀበረ የፕሮግራም ጸሐፊው ምስጢር ነው። ውጭ ከሆነ ግን የሕግ ባለሙያው፣ ኦዲተሩና፣ ቢፈለግ፣ ዜጋውም ሊያነበው የሚችል ሕግ ይሆናል።

ዝምታ ምን ማለት ነው?

“አይመለከተኝም” የሚለው መልስ የሥርዓቱን ባሕርይ ይገልጠዋል። አንድ ጥያቄ ቀረበ፤ የሚመለከተው ደንብ ግን አልተገኘም። በሩ ይከፈት ወይስ ይዘጋ?

ለዜጋ የሚሠራው መርሕ “ያልተከለከለ ሁሉ የተፈቀደ ነው” የሚል ነው፤ ነጻነት ማለትም ይኸው ነው። ለባለሥልጣን ግን ተቃራኒው ይሠራል፦ “ያልተፈቀደ ሁሉ የተከለከለ ነው”። ባለሥልጣኑ ሕግ ከሰጠው በላይ ሥልጣን የለውምና። አምባገነንነት በአጭሩ ሲተረጎም እነዚህን ሁለት መርሖች ማገላበጥ ነው፤ ዜጋው ለሁሉም ነገር ፈቃድ ሲለምን፣ ሹሙ ያሻውን ሲያደርግ። የዜጎችን መረጃ የያዘ ሶፍትዌር ተጠቃሚው ባለሥልጣኑ ስለሆነ፣ ደንቡ ዝም ባለበት ቦታ ሁሉ በሩ መዘጋት አለበት።

ይህን በቃል የማይቀበል ባለሙያ አላጋጠመኝም። በተግባር ግን ነገሩ ሌላ ነው። የማስረጃ ቋቱ ሲቋረጥ ወሳኙ “መወሰን አልቻልኩም” ማለት ሲገባው፣ ስሕተቱን ተቀብሎ “ሥራ እንዳይቆም” በሚል ሰበብ የሚያሳልፍ ኮድ በብዛት ይጻፋል። እንዲህ ያለ ሥርዓት ለሌባው ቀላል ትምህርት ያስተምረዋል፤ ለመግባት ቁልፍ አያስፈልግህም፣ ምስክሩን ማሰናከል ይበቃሃል።

ሁለት ደንቦች ሲጋጩስ? አንዱ “የሒሳብ ሹም የደመወዝ መዝገብ ይለውጣል” ይላል፤ ሌላው “ማንም የራሱን ደመወዝ አይለውጥም” ይላል። የግጭት መፍቻው አስቀድሞ መታወጅ አለበት፦ ክልከላ ይቅደም፣ ወይስ ፈቃድ ይቅደም፣ ወይስ በቅድሚያ የተጻፈው? ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 9 የበላይ ሕግ መሆኑን የደነገገው ለዚህ ዓይነቱ ግጭት ነው። በኮድ ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ የሚወስነው ፋይሉ በየትኛው ቅደም ተከተል እንደተነበበ ነው፤ ይህም ዕጣ መጣል እንጂ ሕግ አይደለም።

ሚና ብቻውን አይበቃም

ፌራዮሎና ኩን እ.ኤ.አ. በ1992 ፈቃድ ለሰው ሳይሆን ለሚና እንዲሰጥ የሚያስችለውን ሞዴል አቀረቡ፤ በ2004 የአሜሪካ ብሔራዊ ደረጃ ሆነ። ሠራተኛው ሲዛወር ሚናው ይነሣበታል፤ ቦታውን ለተካው ይሰጣል። ታላቅ እርምጃ ነበር። ነገር ግን ሚና “አንተ ማን ነህ?” ብሎ ይጠይቃል እንጂ “ይህ ጉዳይ የአንተ ነው?” ብሎ አይጠይቅም።

ልዩነቱን ለማየት ወደ ሕንድ እንሻገር። በጥር 2018 እ.ኤ.አ. ትሪቢዩን የተባለው ጋዜጣ ዘጋቢ ለአንድ ደላላ 500 ሩፒ ብቻ ከፍላ የአድሃር መታወቂያ መረጃን የሚያሳይ የመግቢያ ስምና የይለፍ ቃል ማግኘቷን ጻፈች። የማንንም ሰው ቁጥር ስታስገባ ስሙ፣ አድራሻው፣ ፎቶግራፉና ስልኩ ይመጣ ነበር። መታወቂያ ሰጪው ባለሥልጣን ቋቱ እንዳልተሰበረና የጣት አሻራና የዐይን መረጃው እንዳልተነካ ገለጸ፤ ለዜጎች አቤቱታ መፍቻ ተብሎ ለተወሰኑ ሠራተኞች የተሰጠ የፍለጋ አገልግሎት ያለአግባብ ጥቅም ላይ እንደዋለም አስታወቀ።

አስተውሉ! ግድግዳውን የጣሰ አልነበረም። በሩ ሕጋዊ ነበር፣ ቁልፉም ሕጋዊ ነበር። የጎደለው “አቤቱታ ያቀረበው ዜጋ የትኛው ነው? የእሱን ብቻ አሳይ” የሚል አንድ ደንብ ነው። በጃቫ ሲጻፍ ሦስት አራት መስመር አይበልጥም፤ ጠያቂው ሠራተኛ፣ ለእሱ የተመራው የአቤቱታ ቁጥርና የባለጉዳዩ መታወቂያ መገናኘታቸውን ማስረጃ አቅራቢው ያረጋግጣል፤ ካልተገናኙ ወሳኙ ይከለክላል። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዚያው ዓመት በመስከረም ወር የግል ድርጅቶች አድሃርን እንዲጠቀሙ የሚፈቅደውን አንቀጽ ሽሯል። ፍርዱ ትልቅ ነው፤ ነገር ግን በመዝገብ ቤት ጠረጴዛ ላይ ያለውን በር የሚዘጋው ፍርዱ ሳይሆን እነዚያ አራት መስመሮች ናቸው።

ቁልፍ ሠሪውን ማን ይጠብቀዋል?

ደንቡ መልካም ቢሆን እንኳ ደንቡን የሚለውጠው ሰው ሁሉን የሚያይ ከሆነ ምን ዋጋ አለው? እ.ኤ.አ. በ2013 ኤድዋርድ ስኖውደን የአሜሪካን የስለላ ተቋም ሰነዶች ሲያወጣ የአለቃነት ማዕረግ አልነበረውም፤ የሥርዓት አስተዳዳሪ ሆኖ የሠራ ባለሙያ ነበር። ሥራውን የምትደግፉም የምትነቅፉም ብትሆኑ አንድ እውነት አይለወጥም፤ በዓለም ላይ እጅግ የሚጠበቀው ተቋም ቁልፍ ሠሪውን አልጠበቀም ነበር። ተቋሙ ከዚያ በኋላ ለሥርዓት አስተዳዳሪዎች የሁለት ሰው ደንብ እንደሚያወጣ አስታወቀ፤ አንዱ ብቻውን አይከፍትም።

ስለሆነም በሶፍትዌሩ ውስጥ ፖሊሲ የሚጽፈው፣ ያጸደቀውና ተጠቃሚው ሦስት የተለያዩ ሰዎች መሆን አለባቸው። የእያንዳንዱ ውሳኔ መዝገብም፣ ማን ጠየቀ፣ በየትኛው ደንብ ተፈቀደ፣ መቼ፣ የሚለው ሁሉ፣ መጨመር እንጂ መፋቅ በማይቻልበት መልክ መጻፍና በሌላ ተቋም እጅ መቀመጥ ይኖርበታል። አለበለዚያ ምርመራው “ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ” ሆኖ ይቀራል፤ አንዳንዴም ውሻውን የሚመግበው ጅቡ ራሱ ነው።

ከጃቫ የራሱ ታሪክ

ጃቫ ከልደቱ ጀምሮ የራሱ ዘበኛ ነበረው፤ ሴኩሪቲ ማኔጀር ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ሁለተኛው ትውልድ እጅግ ረቂቅ የሆነ የፖሊሲ ፋይል አመጣ፤ እያንዳንዱ የኮድ ክፍል የትኛውን ፋይል እንደሚያነብ፣ ከየትኛው አድራሻ ጋር እንደሚገናኝ መዘርዘር ይቻል ነበር። በጽሑፍ ሲታይ ፍጹም ሕግ ነው። በተግባር ግን ለመጻፍ አስቸጋሪ፣ ለማስፈጸም ዘገምተኛ ስለነበረ በሰርቨሮች ላይ የተጠቀመበት ጥቂት ነው። በ2021 በጃቫ 17 ሊወገድ መሆኑ ታወጀ፤ በ2025 በጃቫ 24 ፈጽሞ እንዳይሠራ ተደረገ።

ከዚህ የምንማረው ሁለት ነገር ነው። ለሕግ አውጪዎች፦ ማንም ሊፈጽመው የማይችል ረቂቅ ሕግ ሕግ እንደሌለ ይቆጠራል፤ ፈጻሚው ሁሉንም ፈቅዶ ይገላገላል። ለባለሙያዎች፦ ቋንቋው ይጠብቀናል ብሎ መተኛት አይቻልም፤ የመዳረሻ ፖሊሲን በራሳችሁ ሶፍትዌር ውስጥ፣ በራሳችሁ ኃላፊነት መሥራት የግድ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ

ይህ ሁሉ የሩቅ ወሬ አይደለም። የፋይዳ ብሔራዊ መታወቂያ የተገነባው ሞሲፕ በተባለ፣ ከሕንድ ባንጋሎር በመነጨ ክፍት ኮድ ላይ ነው፤ የዚህ ኮድ አብላጫው የተጻፈው በጃቫ ነው። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ወጥቷል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ተከትሎታል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት እንዲከበር ይደነግጋል። በወረቀት ላይ ያለው ነገር ጥቂት አይደለም። ባለ 12 አኃዙ ቁጥር ከባንክ፣ ከስልክና ከሌሎች አገልግሎቶች ጋር በተሳሰረ መጠን ግን የእያንዳንዱ ተቋም በር የሁላችንም በር ይሆናል። ኮዱ ክፍት መሆኑ መልካም ነው፤ ነገር ግን ክፍት የሆነው የመቆለፊያው አሠራር ነው፤ ቁልፉ ለማን እንደታደለ የሚነግረን የየተቋሙ ፖሊሲ ነው።

ስለዚህ የዜጎችን መረጃ ከሚይዝ ማንኛውም ተቋም፣ የመንግሥትም ይሁን የግል፣ አምስት ነገር ልንጠይቅ ይገባል፦

1. የመዳረሻ ፖሊሲው ከኮዱ ተለይቶ፣ የሕግ ባለሙያ ሊያነበው በሚችል ቋንቋ ይጻፍ፤ ከአገር ደኅንነት ጋር ያልተያያዘው ክፍል በይፋ ይታተም።
2. ደንቡ ዝም ባለበት ወይም ሥርዓቱ በተሰናከለበት ጊዜ ሁሉ በሩ ይዘጋ።
3. ፈቃድ በማዕረግ ብቻ ሳይሆን ሠራተኛው ከያዘው ጉዳይ ጋር በማያያዝ ይሰጥ።
4. ደንብ የሚጽፈው፣ የሚያጸድቀውና የሚጠቀመው አይደባለቁ፤ መዝገቡም በሌላ ገለልተኛ አካል እጅ ይሁን።
5. ዜጋው “የእኔን መረጃ ማን አየው?” ብሎ ሲጠይቅ ከዚሁ መዝገብ መልስ ያግኝ።

“ድሃ አገር ይህን አይችልም፤ ሥራም ያጓትታል” የሚሉ አሉ። ወጪው እንደሚባለው አይደለም፤ የሚያስፈልጉት መሣሪያዎች ክፍት ኮድ ናቸው፤ ሥራውን በሚገባ የሚሠሩ ወጣቶችም በየዓመቱ እናስመርቃለን። ውዱ ነገር ኋላ ላይ መጠገን ነው፤ የፈሰሰ የይለፍ ቃል ይለወጣል፣ የፈሰሰ የጣት አሻራ ግን አይለወጥም። “አስቸኳይ ሁኔታ ቢያጋጥምስ?” ለሚለውም መልስ አለ። ራሱን የሳተ ሕመምተኛ ሲመጣ ሐኪሙ ከመደበኛ ፈቃዱ ውጭ ማኅደሩን እንዲከፍት የሚያስችል የድንገተኛ በር በብዙ የሆስፒታል ሥርዓቶች ውስጥ ይሠራበታል፤ ሐኪሙ ምክንያቱን ይጽፋል፣ በሩ ይከፈታል፣ ድርጊቱ ለተቆጣጣሪ ወዲያውኑ ይደርሳል። አስቸኳይነት በሩን ይከፍታል እንጂ መዝገቡን አያጠፋም። ለፖለቲካችንም ቢሆን ይህ ትምህርት የሚጎዳው አይመስለኝም።

የበለጠ የሚያሳስበኝ ሌላው ተቃውሞ ነው፤ “ንጹሕ ሰው ምን ይፈራል?” የሚለው። ይህን የሚል ሰው ሁልጊዜ የሚናገረው በበሩ ውስጥ ሆኖ ነው። ዛሬ ቁልፉን የያዘው ወዳጁ ሊሆን ይችላል፤ ሹም ይለወጣል፣ መንግሥትም ይለወጣል፣ የተሰበሰበው መረጃ ግን ባለበት ይቆያል። ፖሊሲ የሚጻፈው ለምናምነው ሹም ሳይሆን ነገ ለሚመጣውና ለማናውቀው ነው። የተጻፈ ሕግ ከደጅ ጥናት የሚለየውም በዚህ ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ተቋም የጣት አሻራችሁን ሲጠይቃችሁ፣ ጣታችሁን ከማኖራችሁ በፊት በትሕትና አንድ ጥያቄ አቅርቡ፦ የዚህ እልፍኝ አስከልካይ ማን ነው፤ ደንቡስ የት ተጽፏል?

ቸር ይግጠመን።